አሥር ማይክሮን፦ የማክሮ ፎቶ ሐዲድ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሐምሌ፣ 1ኛ ሳምንት

የዚህ ሥራ ዓላማ፣ መስከረም ላይ አደይ አበባ ሲፈነዳ የአበባውን ዱቄት ቅንጣትና የንብን ክንፍ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ባለ ፎቶ ማንሳት ነው። ማጉላቱ ራሱ አያስቸግርም፤ የማይክሮስኮፕ ኦብጀክቲቭ (ለሚታየው ነገር የሚቀርበው ሌንስ) ካሜራ ፊት ከተገጠመ እንደ ልብ ያጎላል። የሚያስቸግረው ጥርት ብሎ የሚታየው ንብርብር እጅግ ቀጭን መሆኑ ነው። ባለ 4 እጥፍ ኦብጀክቲቭ ላይ የሚጻፈውን፣ ብርሃን የሚቀበልበትን ስፋት የሚገልጸውን 0.10 የሚል ቁጥር በራሱ አባዝቼ፣ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት (0.55 ማይክሮን) ለእርሱ ሳካፍል 55 ማይክሮን ይመጣል። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ስለሆነ፣ በአንድ ፎቶ ውስጥ ጥርት የሚለው ክፍል ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ብቻ ነው ማለት ነው። ባለ 10 እጥፉ ላይ፣ ቁጥሩ 0.25 ስለሆነ፣ ወደ 9 ማይክሮን ይወርዳል። ስለዚህ የሚነሣውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሌንሱ እያስጠጉ በርካታ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ ፎቶ ጥርት ያለውን ክፍል ብቻ በኮምፒውተር ለቅሞ መደራረብ ያስፈልጋል። እኔ የምሠራው ሐዲድ ይህን “ጥቂት በጥቂት” ሁልጊዜ እኩል የሚያደርግ መሆን አለበት።

ካሜራው ቀድሞ የነበረኝ ካኖን 600ዲ ነው። ሞተሩን ከምናለሽ ተራ፣ ከተጣለ ፕሪንተር ውስጥ የወጣ ስቴፐር (በእኩል እርምጃ እየቆጠረ የሚዞር ሞተር)፣ በ350 ብር ገዛሁ። አንድ ዙር በ48 እርምጃ ይጨርሳል። ከእርሱ ጋር ባለ 6 ሚሊሜትር ሙሉ ጥርስ ብረት (180 ብር) እና አንድ ጥንድ የመሳቢያ ሐዲድ (450 ብር) ወሰድኩ። የብረቱ ጥርስ በአንድ ዙር 1 ሚሊሜትር ስለሚያስኬድ አንድ እርምጃ 21 ማይክሮን ገደማ ይሆናል፤ በሁለት ሁለት እርምጃ ብሄድ 42 ማይክሮን ስለሚመጣ ለ55 ማይክሮኑ ይበቃል ብዬ ነበር። ካሜራው የሚቆምበት መሠረት የመስኮት አልሙኒየም ከሚሠሩ ሰዎች በነፃ ያገኘሁት 40 ሴንቲሜትር ቁርጥራጭ ነው።

ሐምሌ፣ 2ኛ ሳምንት

የወረቀቱ ስሌት ትክክል ነበር፤ ዕቃው ግን ስሌቱን የሚሸከም አልነበረም። 75 ፎቶ አንሥቼ በፍጥነት ሳስኬዳቸው፣ የሚነሣው ነገር ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ተመልሶ ወደ ግራ ይመጣል፣ እንደገና ወደ ቀኝ ይሄዳል። የመሳቢያ ሐዲዱ ጥፋት መሰለኝና ግማሽ ቀን ሙሉ ኳሶቹን አጠብኩ፣ ግራሶ ቀባሁ፤ ምንም አልተለወጠም። በኋላ ፎቶዎቹን ስቆጥር ውዝዋዜው በየ24 ፎቶው አንድ ጊዜ እንደሚመላለስ ተረዳሁ፤ 24 ፎቶ ደግሞ 48 እርምጃ፣ ማለትም ልክ አንድ ዙር ነው። ብረቱ ጎባጣ ነው። ጠረጴዛ መስተዋት ላይ ሳንከባልለው መሐሉ ብድግ ቁጭ ሲል በዓይን ታየ። ውዝዋዜው በፎቶው ላይ 300 ፒክስል ይሆናል።

ጉብጠቱ የራሱ ነው፤ ነገር ግን የመሳቢያው ሐዲድ ወደ ጎን ባይላላ ኖሮ ጉብጠቱ ወደ ፎቶው ባልተላለፈ ነበር። ሁለቱንም ጣልኩ። 980 ብር ከነሞተሩ ወደ ጎን ተቀመጠ።

ሐምሌ፣ 4ኛ ሳምንት

የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ የጠየቅኋትን ይዛ መጣች፦ ባለ 12 ሚሊሜትር ሊኒየር ሬይል፣ ማለትም ቀጥ ያለ የመንሸራተቻ ሐዲድ፣ ከነተሸካሚው (በብር ሲሰላ 3,200)፣ ባለ 4 እጥፍ ኦብጀክቲቭ (2,500) እና ባለ 10 እጥፍ (3,400)። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በአንድ ዙር 200 እርምጃ ያለው ኔማ 17 ሞተር በ1,900፣ አርዱዊኖ ናኖ (ሞተሩን በፕሮግራም የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር) በ1,100፣ ኤ4988 ድራይቨር (በትእዛዙ መሠረት ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርስ) በ450፣ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር በ600፣ 8 ሚሊሜትር ወፍራም ሊድ ስክሪው (ሲዞር ዳዶውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያስኬድ ባለ ጥርስ ዘንግ) ከነነሐስ ዳዶው በ900 ብር አገኘሁ። ሊኒየር ሬይሉን በጣት ሲገፉት ያለው ስሜት ከመሳቢያው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ወደ ጎን ስጫነው ምንም አይሰጥም፣ ወደ ፊት ግን በትንፋሽ የሚሄድ ይመስላል። በዚህኛው አሠራር ካሜራውን አላንቀሳቅስም፤ ቀላሉ፣ የሚነሣው ነገር ነው ሐዲዱ ላይ የሚቀመጠው።

ኦብጀክቲቩን ከካሜራው ጋር የሚያገናኝ ቀለበት ለማስቆረጥ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። የማይክሮስኮፕ ኦብጀክቲቭ ጥርስ ከድሮ ጀምሮ በኢንች የተወሰነ ነው፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 36 ጥርስ፣ ማለትም ከጥርስ እስከ ጥርስ 0.7 ሚሊሜትር ገደማ። ቶርኖውን የሚሠሩት ጋሼ በጥርስ መለኪያ ሞክረው፣ “ልጄ፣ ይኼ የኢንች ነው፤ የእኔ ማሽን ከ0.75 በታች የሚያወጣ ጊር የለውም” አሉኝ። በጥርስ ፋንታ ለስላሳ ቀዳዳ አውጥተን ከጎን በሦስት ትንንሽ ብሎን እንድንይዘው ተስማማን። “ስንት ልብላው?” ሲሉኝ፣ ኦብጀክቲቩን በካሊፐር 20.22 ሚሊሜትር ለክቼ ሳለ፣ እንዳይጠብብኝ ብዬ “20 ነጥብ 5 ይበቃል” አልኳቸው። ስህተቱ የራሴ ነው። ቤት ወስጄ ስገጥመው ሦስቱ ብሎኖች ኦብጀክቲቩን ወደ አንድ ወገን ያዘነብሉታል፤ የፎቶው ቀኝ ጥርት ሲል ግራው ይደበዝዛል።

በማግሥቱ ተመልሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። “ስንት መቶኛ ክፍተት እንደምትፈልግ ነው የምትነግረኝ እንጂ ይበቃል አይባልም” አሉ፤ ትክክል ናቸው። በአዲስ ቁራጭ ከ20.22 በላይ የሚሊሜትር 4 መቶኛ ብቻ ለመተው ተስማማን። ያንን ቀን እንዴት እንደሠሩት መጻፍ ይገባኛል። ቀዳዳውን 20.1 ላይ ካደረሱ በኋላ ማሽኑን አጥፍተው ቁራጩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ፤ “ሲሞቅ ይዋሽሃል” አሉኝ። ከዚያ አንዴ በስሱ ያስኬዳሉ፣ በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ ያሳልፋሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ኦብጀክቲቩን ራሱን እንደ መለኪያ ያስጠጋሉ። በአምስተኛው ጊዜ ኦብጀክቲቩ አፉ ላይ ትንሽ ቆሞ፣ ውስጥ ያለው አየር ቀስ እያለ ሲወጣ በራሱ ክብደት ወረደ። 800 ብር ከፈልኩ፤ ለመጀመሪያው ቀለበት አንድ ብር አልጠየቁኝም። አሁን ግራና ቀኙ እኩል ጥርት ይላል።

ነሐሴ፣ 2ኛ ሳምንት

ሞተሩ ሠርቷል፣ ፕሮግራሙ ሠርቷል፣ ፎቶው ግን አልሠራም። (መጀመሪያ ላይ ድራይቨሩ ለሞተሩ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ፍሰት (አምፔር) መጠን ሳልወስን ስላስነሣሁት ሞተሩ እጅ የማያስነካ እስኪሆን ሞቆ ነበር፤ በድራይቨሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ በካቻቢቴ ዝቅ አድርጌ ተስተካከለ።) 45 ዲግሪ ያዘነበለ የብረት ማስመሪያ አንሥቼ ስደራርበው፣ ጥርት ያለ መስመር፣ ድብዝዝ ያለ መስመር፣ እንደገና ጥርት ያለ መስመር እየተፈራረቀ እንደ ቡልኮ ጥለት ሆኖ ወጣ። ጥርት ያሉት ንብርብሮች ሳይገናኙ እየተዘለለ ነው ማለት ነው። የእኔ ትእዛዝ ግን 40 ማይክሮን ነበር።

ሞተር ከሚያድስ ጋራዥ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ተውሼ መጣሁ፤ አንዷ መስመር 0.01 ሚሊሜትር ናት። አንድ 40 ማይክሮን ላይ ከማፍጠጥ ይልቅ 25 ጊዜ ማዘዝና ድምሩን ማየት ይሻላል፤ መርፌው 1 ሚሊሜትር መሄድ ነበረበት። 4 ሄደ። ደገምኩት፣ 4 ሄደ።

ልክ አራት እጥፍ መሆኑ ፍንጭ ሆነኝ። የሊድ ስክሪውን ጫፍ በባለ 4 እጥፉ ኦብጀክቲቭ ስር ሳየው አንድ ጥርስ ሳይሆን አራት ጥርሶች ጎን ለጎን ተጠምጥመውበታል። ከጥርስ እስከ ጥርስ 2 ሚሊሜትር ነው፤ እኔም ሱቅ ውስጥ የለካሁት ይህን ነበር። በአንድ ዙር ግን ዳዶው የሚሄደው 8 ሚሊሜትር ነው። እንዲህ ያለው ዘንግ ለ3ዲ ፕሪንተር ፍጥነት ስለሚሰጥ ገበያው ውስጥ የሚበዛው እርሱ ነው። ባለ አንድ ጥርሱን ፈልጌ በ1,300 ብር ገዛሁ፤ በ200 እርምጃ 2 ሚሊሜትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ እርምጃ በትክክል 10 ማይክሮን። ድራይቨሩ አንዱን እርምጃ ለ16 ሊከፍለው ይችላል፤ ነገር ግን እነዚያ ቁርጥራጮች እርስ በርሳቸው እኩል አይደሉም፣ የመያዝ ጉልበታቸውም ያንሳል። ስለዚህ ለባለ 4 እጥፉ በአራት ሙሉ እርምጃ፣ ለባለ 10 እጥፉ በግማሽ እርምጃ ለመሄድ ወሰንኩ።

ሊድ ስክሪው ስህተቱን ለሚያንቀሳቅሰው ነገር ሁሉ ያወርሳል። በአውሮፓውያኑ 1800 አካባቢ ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሞድስሊ ጥርስ የሚቆርጥ ቶርኖውን ሲሠራ አብዝቶ የደከመው በዚሁ ዘንግ ላይ ነበር፤ የቶርኖው ዘንግ ከተሳሳተ ቶርኖው የሚቆርጠው ብሎን ሁሉ ያንኑ ስህተት ይዞ ይወጣልና። በዎርክሾፑ ውስጥ የልኬት ክርክር የሚፈታበት ማይክሮሜትር ነበረው፤ ስሙንም በዘመኑ በነበረው የእንግሊዝ ከፍተኛ ዳኛ ማዕረግ “ሎርድ ቻንስለር” ብሎታል። የእኔ ሎርድ ቻንስለር ለጊዜው የጋራዡ ዳያል ጌጅ ነው።

ነሐሴ፣ 3ኛ ሳምንት

በአዲሱ ዘንግ 1 ሚሊሜትር ሲታዘዝ መርፌው 1 ሚሊሜትር ይሄዳል። 1 ሚሊሜትር ወደ ፊት፣ 1 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ሲታዘዝ ግን ወደ ተነሣበት አይመለስም፤ 0.18 ሚሊሜትር ይቀረዋል። ምክንያቱ በዳዶውና በዘንጉ ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ አቅጣጫ ሲለወጥ ሞተሩ ይህን ክፍተት እስኪሞላ ድረስ በባዶ ይዞራል። 0.18 ሚሊሜትር ማለት በባለ 10 እጥፉ 36 ፎቶ ነው።

ሁለት ነገር አደረግሁ። በመካከላቸው ሞላ ያለበት ጥንድ ዳዶ በ500 ብር ገጠምኩ፤ ሞላው ሁለቱን በተቃራኒ ስለሚገፋቸው ጥርሶቹ ሁልጊዜ ተጣብቀው ይቆያሉ። ቀሪው ወደ 0.02 ወረደ። ቀጥሎ በፕሮግራሙ ውስጥ፣ ወደ መነሻው ሲመለስ መነሻውን ግማሽ ሚሊሜትር አልፎ ሄዶ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ እንዲደርስ አደረግሁት። ከዚህ በኋላ አሥር ጊዜ ሞከርኩት፤ አሥሩንም ጊዜ መርፌው እዚያው መስመር ላይ ቆመ። ሁለተኛው መፍትሔ አንድ ብር አልፈጀም፤ ከመጀመሪያውም የበለጠ ጠቀመኝ።

ነሐሴ፣ 4ኛ ሳምንት

ቤታችን ከአስፋልት ብዙ አይርቅም። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር በካሜራው ስክሪን ላይ የማስመሪያው መስመሮች ሲንቀጠቀጡ ይታያሉ። ከመሠረቱ ስር ስፖንጅ፣ በላዩ የድንጋይ ንጣፍ አደረግሁ፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሥራውን ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ለማድረግ ወሰንኩ። በተጨማሪም ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ 3 ሴኮንድ እንዲቆይ፣ ብርሃኑም በኤልኢዲ ፋንታ በፍላሽ እንዲሆን አደረግሁ፤ የፍላሽ ብልጭታ እጅግ አጭር ስለሆነ የቀረውን ንዝረት አይመዘግብም።

ኤልኢዲውን የተውኩበት ሌላም ምክንያት አለ። በባለ 10 እጥፉ ምንም ሳላንቀሳቅስ በየደቂቃው አንድ ፎቶ ሳነሣ፣ ጥርት ያለው ቦታ በ20 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ሸሸ። ሞተሩን ነቀልኩት፣ አሁንም ሸሸ። የቶርኖ ቤቱ ጋሼ “ሲሞቅ ይዋሽሃል” ያሉት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አልሙኒየም በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ሜትር 23 ማይክሮን ገደማ ይረዝማል። የእኔ መሠረት 40 ሴንቲሜትር ስለሆነ መብራቱ በ4 ዲግሪ ብቻ ቢያሞቀው 37 ማይክሮን ይሆናል፤ ጥርት የሚለው ንብርብር ደግሞ 9 ማይክሮን ነው። ኤልኢዲውን ለማነጣጠሪያ ብቻ አብርቼ ካጠፋሁት በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ልማድ አደረግሁ።

በ52ኛው ፎቶ ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ አርዱዊኖው የት እንደነበረ አያውቅም። ከአሮጌ ማውስ የነቀልኳትን ማብሪያ በሐዲዱ ጫፍ ላይ በካውያ በይጄ ገጠምኩ፤ ሲነሣ መጀመሪያ ሄዶ እርሷን ይነካና ከዚያ ይቆጥራል። ባለ 12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪም በ2,000 ብር ገዛሁ።

ጳጉሜ

አበባው እስኪደርስ በቢክ እስክሪብቶ ሞከርኩ። በየኪሳችን ካለው ዕቃ ሁሉ የዚህን ያህል በልክ የተሠራ ያለ አይመስለኝም። በጫፉ ያለችው ኳስ ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራች፣ ስፋቷ 1 ሚሊሜትር የሆነች ናት፤ መያዣዋ ትንሽ ቢሰፋ ቀለሙ ይፈስሳል፣ ትንሽ ቢጠብ ኳሷ አትዞርም። በባለ 10 እጥፉ የፎቶው ስፋት 2.2 ሚሊሜትር ስለሆነ ኳሷ ግማሹን ያህል ትይዛለች። ከኳሷ ጫፍ እስከ መያዣዋ ከንፈር ድረስ በ5 ማይክሮን እርምጃ አነሣሁ። የመያዣው ከንፈር በኳሷ ላይ ዙሪያውን ታጥፎ ሲይዛት፣ ማሽኑ የተወው ስስ የክብ ጭረት ሁሉ ይታያል። ክፍተቱን ለመለካት ሞክሬ አልቻልኩም፤ ቀለሙ ሞልቶታል። አንድ ፒክስል 0.43 ማይክሮን ይሸፍናል፤ ነገር ግን በ0.25 ኦብጀክቲቭ ከ1.3 ማይክሮን ያነሰ ዝርዝር ስለማይለይ፣ ፒክስል ቆጥሮ ከዚያ በታች ለካሁ ማለት አይቻልም።

መስከረም፣ 2ኛ ሳምንት

የመጀመሪያው አደይ ጠፋብኝ። ለማነጣጠር ኤልኢዲውን 25 ደቂቃ ሳበራ አበባው ጠወለገ፤ የቅጠሎቹ ጠርዝ በድርርቡ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ወጣ። ሁለተኛውን ግንዱን በእርጥብ ጥጥ ጠቅልዬ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አቆምኩ፤ ማነጣጠሩን አስቀድሜ በሌላ አበባ ጨርሼ ስለነበር መብራቱን ከሁለት ደቂቃ በላይ አላበራሁም። መሐሉን በባለ 4 እጥፉ በ75 ፎቶ፣ እያንዳንዱ በ5 ሴኮንድ፣ ከስድስት ደቂቃ በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ጨረስኩ። ኢንፊዩዝ በሚባለው ነፃ የፎቶ መደራረቢያ ፕሮግራም ደረብኩት። ጥለት የለም፣ ውዝዋዜ የለም።

ከዚያ ባለ 10 እጥፉን ገጠምኩ። ዱቄቱ ዱቄት አይደለም፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ዙሪያዋን በእኩል ርቀት በእሾህ የታጠረች ቢጫ ኳስ ናት። አንዷን ስለካ ስፋቷ ወደ 30 ማይክሮን መጣ። ከሐምሌ ጀምሮ ስታገልበት የቆየሁት የሞተሬ ሦስት እርምጃ ማለት ነው፤ አበባው ግን ይህችን ቅንጣት በእልፍ ቁጥር፣ ሁሉንም በአንድ ልክ፣ በሜዳው ሁሉ ላይ ያፈራል። ለረጅም ጊዜ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።

እስካሁን የወጣው 19,630 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 1,880 ብር ጥቅም ላይ ያልዋለው የፕሪንተር ሞተር፣ ብረቱ፣ የመሳቢያ ሐዲዱና ባለ አራት ጥርሱ ዘንግ ነው።

መስከረም፣ 4ኛ ሳምንት

ንቧን በመስኮት ደፍ ላይ ሞታ አገኘኋት። ንብ በበረራ ጊዜ በእያንዳንዱ ጎኗ ያሉትን ሁለት ክንፎች እንደ አንድ የምታንቀሳቅሰው፣ በኋለኛው ክንፍ የፊት ጠርዝ ላይ የተሰለፉ ረቂቅ መንጠቆዎች የፊተኛውን ክንፍ የታጠፈ ጠርዝ ስለሚይዙላት ነው። ስታርፍ ይለያያሉ። ክንፉን በለስላሳ ብሩሽ አጽድቼ በመርፌ ጫፍ ላይ አጣበቅሁት፤ የመንጠቆዎቹ ረድፍ ጥልቀት 0.3 ሚሊሜትር ስለሆነ 60 ፎቶ በቃኝ። በቀኙ ክንፍ 21፣ በግራው 20 መንጠቆ ቆጠርኩ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ታጥፈዋል፤ ጫፋቸው ላይ ያለው ጠመዝማዛ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

ድርርቡ ካለቀ በኋላ አንድ የቀረኝ ፈተና ነበር። ክንፉን ሳልነካ ሁሉንም አጠፋሁ፣ ባትሪውንም ነቀልኩ። በማግሥቱ ሌሊት አስነሥቼው ሄዶ ማብሪያዋን ነክቶ እንዲቆጥር አደረግሁና 60ውን ፎቶ እንደገና አነሣሁ። በመጀመሪያው ሌሊት ዘጠነኛው መንጠቆ ጥርት ያለው በ31ኛው ፎቶ ላይ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት በ33ኛው ላይ ጥርት አለ፤ ልዩነቱ ሁለት ግማሽ እርምጃ፣ አሥር ማይክሮን ነው።